ነጩን ሽንኩርት እንደ ቀዩ አትያዙት

ቀይ ሽንኩርቱን ከትፎ፣ ነጩንም አብሮ ድስት ውስጥ ከቶ፣ አንድ ላይ ማቁላላት ብዙ ቤት ያለ ልማድ ነው። ወጡ አይበላሽም። ሰውም በልቶ "እጅ ይባርክ" ይላል። ግን ያ ሁሉ የተላጠ፣ የተወቀጠ፣ ጣት ያቃጠለ ነጭ ሽንኩርት የት እንደገባ አይታወቅም። ሽታው ጎረቤት ደርሷል፣ ወጡ ውስጥ ግን የለም። ዋጋው ደግሞ እንዲህ የሚቀለድበት አይደለም።

ሁለቱን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ይሆን እንጃ፣ ነጩን የቀዩ ታናሽ ወንድም አድርገን ነው የምናየው። ዘመድስ ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ቀዩ 90 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ለዚህ ነው ያለ ዘይት እሳት ላይ ቆይቶ የራሱን ውሃ እያወጣ የሚበስለው። ነጩ ውስጥ ያለው ውሃ 60 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። የቀረው አብዛኛው የስኳር ዘመድ ነው፣ እሳት ሲያገኘው ቶሎ ያራል። ገበያ ላይ አመራረጡ፣ ቤት ውስጥ አቀማመጡ፣ ምድጃ ላይ ሰዓቱ፣ መሬት ላይ አተካከሉ ሁሉ ይለያል። እኔ የምኖረው አዳማ ስለሆነ የምጽፈውም ለአዳማ ሙቀት እንዲሆን አድርጌ ነው፤ ደብረ ብርሃን ወይ ጎባ ያላችሁ የመትከሉ ክፍል ላይ ስትደርሱ "ምን ያለፋታል?" ትሉ ይሆናል።

ገበያ ላይ

ቀዩ የሰፈራችን ልጅ ነው። አዋሽ ዳር በመስኖ ይመረታል፤ እዚሁ አጠገባችን መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው አንድ ዝርያ ስሙ ራሱ "አዳማ ቀይ" ነው። ነጩ ደገኛ ነው። ብርድ ይወዳል። አዳማ ገበያ የሚደርሰው ከደጋ ወርዶ ስለሆነ መንገድ ላይ የተመታ፣ ጆንያ ውስጥ የታፈነ፣ እርጥበት ያገኘው ሁሉ ተደባልቆ ይመጣል። ስለዚህ ዝም ብሎ "አንድ ኪሎ መዝኚልኝ" ማለት አያዋጣም። "እናቴ፣ ልምረጥ?" በሉ። ኦሮምኛ የምትሞክሩ ከሆነ ቀዩ ቁሉቢ ዲማ፣ ነጩ ቁሉቢ አዲ ነው። ዋጋው ላይቀንስ ይችላል፣ ለመምረጥ ግን ፊት ይሰጧችኋል።

አንዱን ራስ አንሱና መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ መዝኑት። ከመጠኑ ይልቅ ክብደቱ መብለጥ አለበት። ትልቅ ሆኖ ቅልል ካለ ውስጡ ሟሟል ማለት ነው። ከዚያ በአውራ ጣት ዙሪያውን ጫን ጫን አድርጉት። ሁሉም ፍሬ ጠጠር ማለት አለበት፣ አንዱ እንኳን እሺ ብሎ ከገባ መልሱት፤ አንድ የበሰበሰ ፍሬ ሌላውንም ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ ገልብጡትና ሥሩ የነበረበትን ቂጡን እዩ። ልጣጩ ስር ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ካለ ሻጋታ ነው። አናቱ ላይ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ካለ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ አይመርዝም፣ ግን ለማስቀመጥ አይሆንም፣ መሃሉ ያለው ቡቃያም መረር ይላል። ከነቡቃያው ርካሽ ካገኛችሁና ዛሬውኑ የምትሠሩበት ከሆነ ግዙት፣ ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቃችሁ አረንጓዴውን በቢላ ጫፍ አውጡት።

የልጣጩን ድርቀትም አትርሱ። ሲነካ እንደ ወረቀት ካልተንኮሻኮሸ ገና አልደረቀም፣ ውሃውን ነው በኪሎ የምትገዙት። ለዕለቱ ወጥ እንዲያውም እርጥቡ ይጣፍጣል፣ ለመላጥም ይመቻል። ለሳምንታት ለማስቀመጥ ግን ደረቁ ነው የሚበጀው።

ፍሬው ደቃቅ የሆነው የሐበሻው ነው ወይስ ያ ትልልቁ? ለመላጥ ትልቁን የሚያክለው የለም። የዓለምን ነጭ ሽንኩርት ሦስት አራተኛ ያህሉን የምታመርተው ቻይና ናት፣ ትልልቅ ፍሬና ነጭ ልጣጭ ያለውንም ሰው ከቻይና ጋር ማያያዝ ለምዷል። ለኃይለኛ ሽታ ግን እኔ የሐበሻውን እመርጣለሁ። አድካሚ ነው፣ ፍሬው ጥፍር ያህል ነው፣ ግን ሦስቱ የትልቁን አምስት ያህል ይሠራል። ለበርበሬና ለቅቤ የሐበሻውን፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ለሚሠራ ጥብስ ትልቁን።

ቤት ሲገባ

መጀመሪያ ከፌስታሉ አውጡት። ፌስታል ውስጥ ያላበው ነጭ ሽንኩርት በአዳማ ሙቀት ሳምንት ሳይሞላው ይሻግታል። ሰፌድ ላይ፣ ሽቦ ቅርጫት ውስጥ ወይ መረብ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ነፋስ የሚያገኝበት ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ከምድጃ አጠገብ አይሁን። ከድንች ጋርም አንድ ላይ አታጉሩት፣ ድንች እርጥበት ይሰጠዋል።

ያልተላጠውን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ጥሩ ይመስላል፣ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት የፍሪጅ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ክረምት አልፎ የመብቀያው ጊዜ የደረሰ ይመስለዋል። አውጥታችሁ ባስቀመጣችሁት በጥቂት ቀን ያቆጠቁጣል። (ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ስንተክል ትጠቅመናለች።) የተላጠው ግን ፍሪጅ ነው ቦታው፣ በተከደነ ዕቃ፣ አንድ ሳምንት ገደማ።

አሁን አንድ ቁም ነገር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭቶ፣ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ፣ "እንዳይበላሽ" ብሎ ዘይት አልብሶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይታያል። ይሄን ተዉት። ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር ነው የሚወጣው፣ አፈር ላይ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ይኖራል። ይህ ባክቴሪያ አየር ባለበት አያድግም። ዘይቱ አየር ሲዘጋለት፣ ሙቀቱም ሲመቸው፣ ነርቭ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመርታል። መርዙ አይሸትም፣ ቀለም አይለውጥም፣ ቀምሳችሁ አታውቁትም። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ከፍሪጅ ውጭ ያስቀመጠው በዘይት የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰው አሳምሟል። ፈጭታችሁ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ያለው መንገድ ፍሪዘር ነው፤ የተፈጨውን ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ እንደ ቂጣ ስስ አድርጋችሁ ደምድማችሁ አስተኙት፣ ሲደርቅ የምትፈልጉትን ያህል ቆርሳችሁ ቀጥታ ድስት ውስጥ መክተት ትችላላችሁ። በዘይት ያደረጋችሁት ካለ ፍሪጅ ይግባ፣ በሦስት አራት ቀን ይለቅ፣ የተረፈው ይደፋ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ የዘይቱን ብልቃጥ አትመኑት።

መላጥ

ለአንድ ወጥ የሚሆነውን ማንም ያውቃል፤ ፍሬውን መክተፊያ ላይ አድርጎ በቢላው ጎን ጠቅ ሲያደርጉት ልጣጩ ይለቃል። ልጣጩ ሙጭጭ ካለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ያን ያህል ነው።

ፈተናው የበርበሬ ጊዜ ነው። እኛ ቤት ለ5 ኪሎ ዛላ በርበሬ 1 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ይገባል፣ እና ደቃቁን የሐበሻ አንድ በአንድ በጥፍር መላጥ ቀን ይፈጃል፣ ጣትም ይልጣል። አዳማ ያላችሁ ግን አንድ ሀብት አላችሁ፣ ነፋስ። ራሱን ፈልፍላችሁ ፍሬ በፍሬ አድርጉት፣ ትልቅ ሰፌድ ላይ በትናችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ አስመቱት። ልጣጩ ደርቆ ሲነሳ እፍኝ እፍኝ እየያዛችሁ በሁለት መዳፍ እሹት። ከዚያ በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ሆናችሁ በሰፌድ አንፍሱት። ልጣጩ እየበነነ ይሄዳል፣ ፍሬው ይቀራል። የአዳማ ቁጥር 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ የ153 ሜጋ ዋት አቅም የተሰጠው በከንቱ አይደለም፣ ይኸው ነፋስ ነጭ ሽንኩርት በነፃ ይልጥላችኋል። የሚቀረውን ግትር ልጣጭ ብቻ በእጅ ልቀሙ። ጎረቤታችሁ ልብስ አስጥታ ከሆነ ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ።

ብዙ ስትልጡ እጃችሁን ዘይት ቀቡት ወይ ጓንት አድርጉ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ሲቆይ ቀልድ አይደለም፣ እሳት እንደነካው ያቆስላል። "ለቁስል ጥሩ ነው" እየተባለ ወቅጦ ማሰር ስላለ ነው የምለው፤ ሐኪም ቤት በቃጠሎ የገቡ አሉ፣ በተለይ የሕፃን ቆዳ ላይ በፍጹም።

መውቀጥ፦ ኃይሉ የሚወለደው እዚህ ነው

ሳይነካ ያለ ነጭ ሽንኩርት እስኪ አሽትቱ። ምንም የለውም። ያ የምናውቀው ሽታ ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ አልተቀመጠም። አሊን የሚባል ነገር አንድ ክፍል ውስጥ አለ፣ አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ሌላ ክፍል ውስጥ አለ። ቢላ ወይ ሙቀጫ ግድግዳውን ሲያፈርሰው ሁለቱ ይገናኙና አሊሲን ይሆናሉ። የሚያቃጥለውም የሚሸተውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ሉዊ ፓስተር ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያ እንደሚገድል ጽፎ ነበር፤ አሊሲን ራሱ ተለይቶ የታወቀው ግን በ1944 ነው።

ይሄ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ነገር ይለውጣል።

አንደኛ፣ ስንት ግድግዳ እንዳፈረሳችሁ ነው የኃይሉ ልክ። ሙሉውን ፍሬ ድስት ውስጥ ብትጥሉት ለስላሳና ጣፋጭ ይሆናል። በስሱ የተቆረጠው መካከለኛ ነው። የተወቀጠው ኃይለኛ ነው። ስለዚህ "ስንት ፍሬ ልጨምር?" ከማለታችሁ በፊት እንዴት እንደምትቆርጡት ወስኑ፣ ሁለት የተወቀጠ ፍሬ አምስት የተቆረጠ ያስንቃል። ስትወቅጡ ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩበት፣ ከዘነዘናው ስር እንዳይሾልክም ይይዘዋል፣ ቶሎም ያልመዋል። ብሌንደርም ይሠራል፣ ግን ውሃ ካልጨመሩ አይዞርም፣ ውሃ ከጨመሩ ደግሞ ይቀጥናል። ለትንሽ ነገር ሙቀጫውን የሚያክለው የለም።

ሁለተኛ፣ እሳት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ወቅጣችሁ ወዲያው ዘይት ውስጥ ከከተታችሁት ሥራውን ሳይጨርስ ነው የሞተው። ወቅጣችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። በዚያ መሃል ቀዩን ክተፉ። ይሄው ነው ብልሃቱ፣ ቅደም ተከተል መለወጥ ብቻ፦ ነጩ አስቀድሞ ይወቀጣል፣ ድስት የሚገባው ግን ኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ሎሚም ኢንዛይሙን ያስቆመዋል። ይሄን በሁለት በኩል መጠቀም ይቻላል። የጥሬ ነጭ ሽንኩርት ጣዕም ፈልጋችሁ ማቃጠሉን ካልወደዳችሁ፣ ለምሳሌ ለሰላጣ፣ ሎሚውን ሙቀጫው ውስጥ ጨምራችሁ አብራችሁ ውቀጡት፣ ለዘብ ይላል። አዋዜ ወይም ዳጣ ስታዘጋጁ ግን ኃይሉን ነው የምትፈልጉት፤ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱን ከቃሪያው ጋር ውቀጡ፣ ይቆይ፣ ሎሚው ወይ አቼቶው በመጨረሻ ይግባ። አንዳንዴ ሎሚ የነካው ነጭ ሽንኩርት አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ይሆናል። ደንግጣችሁ አትድፉት። አሲድ ሲነካው በውስጡ ያለው የድኝ ውሁድ የሚሰጠው ቀለም ነው፣ አይጎዳም። ቻይናዎች እንዲያውም ሆን ብለው በአቼቶ አረንጓዴ ያደርጉታል።

ድስት ላይ

ቀይ ወጥ። ቀዩ ሽንኩርት ውሃውን ጨርሶ፣ ዘይቱ ገብቶ፣ በርበሬው ተቁላልቶ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ እየሰጣችሁት ቁሌቱ ልስልስ ሲል ነው ነጩ የሚገባው። ያኔ ድስቱ ውስጥ እርጥበት ስላለ አያርም። ካላችሁ ነጭ ሽንኩርት ግማሹን ብቻ እዚህ ክተቱ። ይሄኛው ከቁሌቱ ጋር ይዋሐዳል፣ ለብቻው አይታወቅም፣ ወጡን ግን ያጣፍጠዋል። ሌላውን ግማሽ ወጡ ሊወጣ ሲል፣ መከለሻ በምትጨምሩበት ሰዓት ጨምሩት። አንድ ሁለቴ ከፈላ ይበቃዋል። እንግዳ ክዳኑ ሲነሳ የሚያሸተው ይሄንን ነው። መጠኑን ሳትጨምሩ፣ ለሁለት ከፍሎ በመጨመር ብቻ ምን ያህል እንደሚለወጥ በሚቀጥለው ምስር ወጣችሁ ላይ እዩት።

ሽሮ ላይ የበለጠ ይታወቃል፣ በተለይ በጾም ቅቤ በሌለበት። የተወቀጠውን ገሚሱን ዘይቱ ላይ ቁሌቱ ሲያልቅ፣ ገሚሱን ሽሮው ተንተክትኮ ከእሳት ሊወርድ ሲል። ቃሪያ ጣል አድርጋችሁ ክደኑትና አውርዱ።

አልጫ ጨዋ ነገር ነው፣ የሚሸፍንለት በርበሬ የለም። ያረረ ነጭ ሽንኩርት ቀይ ወጥ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል፣ ክክ አልጫ ውስጥ ግን አንድ ጥቁር ነጥብ እንኳን ትመራለች። እሳቱን ቀንሱ፣ እርዱን ካስገባችሁና ውሃ ከጨመራችሁ በኋላ ክተቱት።

ጎመን ላይ አትውቀጡት፣ በስሱ ቁረጡት። ጥብስ ላይ ሥጋው ቡናማ ሆኖ ካለቀ በኋላ፣ ከቃሪያውና ከሮዝመሪው ጋር፣ አንድ ደቂቃ። ከዚያ በላይ ምጣዱ ላይ አይቆይ። በሞቀ ዘይት ነጭ ሽንኩርት ወርቅማ ሲሆን ጣፋጭ ነው፣ ቡናማ ሲሆን ይመራል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ስልክ አንስቶ "ሃሎ" እስከማለት አይደርስም።

ቅቤ ስታነጥሩ ነገሩ ይገለበጣል፣ እዚያ በቶሎ ማውጣት ነው ስህተቱ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ፈረካከስ ብሎ ከኮረሪማው፣ ከአብሹና ከኮሰረቱ ጋር በመጠነኛ እሳት ይፍላ። ድምፁን ስሙ። እየተንጫጫ ካለ ውስጡ ውሃ አለ፤ ጫጫታው ጸጥ ብሎ፣ አረፋው ወርዶ፣ ቅቤው ታቹ ድረስ ጥርት ሲል ነው ነጭ ሽንኩርቱ የደረቀው። ከዚያ በስስ ጨርቅ አጥልሉት፣ አንድም ፍርፋሪ አይግባ። እርጥበት ያለው ፍርፋሪ የገባበት ቅቤ ብዙ አይቀመጥም።

ተክል አድርጎ ማብቀል፣ አዳማ ላይ

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለነጭ ሽንኩርት ትሞቃለች። ዝም ብላችሁ ከገበያ አምጥታችሁ ብትተክሉት ቅጠሉ ይበቅላል፣ ያምራል፣ ትደሰታላችሁ፣ ስትነቅሉት ግን ያልተከፋፈለ አንድ ድቡልቡል ፍሬ ይወጣል። ምክንያቱ ብርድ ማጣት ነው። ራስ ሠርቶ ወደ ፍሬ እንዲከፋፈል ነጭ ሽንኩርት የተወሰነ ጊዜ ቅዝቃዜ ማግኘት አለበት። ደጋ ላይ ምድሩ ይሰጠዋል። እኛ የምንሰጠው በፍሪጅ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ወይ መስከረም መጀመሪያ ላይ ጠንካራ፣ ትልልቅ ፍሬ ያላቸውን ራሶች ምረጡ። ሳትፈለፍሉ፣ ሳትልጡ፣ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀምጡ። ፍሪዘር አይደለም፣ እሱ ይገድለዋል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የአዳማ ሌሊት ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር አውጡና ወዲያው ትከሉ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ቅጠል የሚያበዛበት ጊዜ ይሆንለታል።

ዘሩን ከየት? ነጭ ሽንኩርት እንደ ቲማቲም ዘር አይዘራም፣ ፍሬው ራሱ ነው ዘሩ። ስለዚህ የተከላችሁት የእናቱ ግልባጭ ነው፣ ደቃቅ ከተከላችሁ ደቃቅ ታጭዳላችሁ። ትልልቁን የውጪውን ፍሬ ለዘር፣ የመሃሉን ቀጫጭን ለወጥ። የቢሾፍቱው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ "ፀደይ 92"፣ "ቢሾፍቱ ነጭ" እና "ኩሪፍቱ" ያሉ ዝርያዎች አውጥቷል። ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካላገኛችሁ የገበያው ይሞከራል። መሬት ላይ ለምትተክሉ ግን ማስጠንቀቂያ፦ ነጭ ሥር አበስብስ የሚባለው የሻጋታ በሽታ ከዘሩ ጋር ገብቶ አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሥሩ ላይ ነጭ ጥጥ፣ ጥጡም ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንስ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ያንን ተክል ከነአፈሩ አውጥታችሁ ጣሉት፣ እዚያ ቦታ ላይ ቀይም ነጭም ሽንኩርት አትመልሱ። ለዚህ ለዚህ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በባልዲ የሚተክል ሰው ዕድለኛ ነው፣ አፈሩን መቀየር ይችላል።

ባልዲው ወይም የተቆረጠው ጀሪካን ከ20 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ይኑረው፣ ታቹ ይበሳ። ግማሽ አፈር፣ ሩብ አሸዋ፣ ሩብ በደንብ የበሰበሰ ፍግ። ትኩስ ፍግ ያቃጥለዋል። በተከላው ቀን ራሱን ፈልፍሉ፣ ልጣጩ ግን ከፍሬው አይነሳ። ሹል ጫፉ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይግባ። በፍሬና በፍሬ መካከል አንድ ስንዝር እንኳን አያስፈልግም፣ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ፀሐይ ይፈልጋል፣ የቀትሩ ግን ለባልዲ ይከብዳል፣ የጠዋት ፀሐይ ያለበት በረንዳ ምርጥ ነው።

ውሃ አታብዙ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከደረቀ አጠጡ። አዳማ ላይ በነፋሱ ምክንያት ባልዲ ቶሎ ይደርቃል፣ አፈሩን በገለባ ወይ በደረቀ ሣር ሸፍኑት። አረም ሲበዛበት ይሸነፋል፣ ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ጥላ ጥሎ አረም መከላከል አይችልም። ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ከታየ ዋግ ነው፣ የታመመውን ቅጠል ቆርጣችሁ አስወግዱ፣ ከላይም አታጠጡ።

አራት አምስት ወር ገደማ ሲሞላው የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ይጀምራሉ። ያኔ ውሃ አቁሙ። ሁለት ሳምንት ጠብቁና፣ ገሚሱ ቅጠል ሲደርቅ በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡ፤ በቅጠሉ ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ይበጠሳል። አትጠቡት። ከነቅጠሉ ጎንጉናችሁ ጥላ ላይ ነፋስ በሚያገኝበት ስቀሉት፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይቀቀላል።

ይሄ ሁሉ ከበዛባችሁ ደግሞ የሰነፍ መንገድ አለ፣ እኔ እንዲያውም ለአዳማ ሰው መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው። ያቆጠቆጠውን ፍሬ ማንኛውም ጣሳ ውስጥ አጠጋግታችሁ ትከሉ፣ ራሱን አትጠብቁ፣ ቅጠሉን ብሉ። ስንዝር ሲያህል በመቀስ ቁረጡት፣ ይመለሳል። እንቁላል ፍርፍር ላይ፣ ድንች ላይ፣ አይብ ላይ ከትፋችሁ በትኑት። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ አያቃጥልም። ፍሪጅ የለ፣ ወር መቁጠር የለ።

መድኃኒትነቱና ጠረኑ

ጉንፋን ሲይዝ ነጭ ሽንኩርት በማር የማይታዘዝበት ቤት የለም። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ይሞቃል፣ ብሉት። ጉንፋን ይፈውሳል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ያው ቅድም ያነሳነው ቦቱሊዝም በማርም ይመጣል። የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ ትንሽ የመቀነስ ውጤት ታይቷል፣ ትንሽ ነው፣ ኪኒን አያስጥልም። ደም የሚያቀጥን እንደ ዋርፋሪን ያለ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ወይም ኦፕሬሽን ቀጠሮ ያላችሁ፣ ጥሬውን በብዛት የምትበሉ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ደም መርጋትን ያዘገያል። ለውሻና ለድመት ደግሞ መርዝ ነው፤ የተረፈውን ወጥ ለግቢ ውሻ የምትደፉ አስቡበት።

ጠረኑ አፍ ውስጥ ብቻ ቢሆን ጥርስ ቦርሾ መገላገል ነበር። ከአሊሲን የሚመጣ አንድ የድኝ ውሁድ ደም ውስጥ ገብቶ በሳንባ በኩል በትንፋሽ ይወጣል፣ ለሰዓታት። ቦርሻችሁም፣ ማስቲካ አኝካችሁም ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ያውቃል። የሚረዳው አብሮ መብላት ነው፦ ጥሬ ፖም፣ ናና፣ ወይ ከምግቡ ጋር አንድ ብርጭቆ ወተት፣ በተለይ ስቡ ያልወጣለት። ከበሉ በኋላ ከመጠጣት አብሮ መጠጣቱ ይሻላል። በጾም ፖሙንና ናናውን። ጠዋት ቃለ መጠይቅ ካለባችሁ ደግሞ የማታውን ዳጣ ለነገ አሳድሩት።